38 ስም እንጂ ልክ አይደለም፦ «ለሁሉም መሣሪያ» የሚለው መወልወያ በስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ላይ

ከአዲስ አበባ እየተጫነ ጎጃም የሚደርሰው ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን መወልወያ ላዩ ላይ «ለሁሉም መሣሪያ» ይላል። ለረጅም መሣሪያ ዋጋውን ያወጣል። ለስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ግን የሚሠራው ግማሹን ነው፤ ቀሪውን ባለቤቱ ካላሟላ ሽጉጡ የጸዳ ይመስላል እንጂ አይጸዳም። ምክንያቱ የዕቃው ርካሽነት አይደለም። ሳጥኑን ያዘጋጁት ሰዎች አንድ መሣሪያ አንድ ቁጥር፣ አንድ ቁጥርም አንድ ብሩሽ ብቻ ይበቃዋል ብለው ስላሰቡ ነው።

ሳጥኑ ሲከፈት ሦስት ቁራጭ የናስ ዘንግ፣ አንድ እጀታ፣ 22፣ 30፣ 38 እና 45 የሚል ቁጥር (የአፈሙዝ ስፋት በኢንች መቶኛ ነው ተብሎ የሚወሰደው) ያላቸው የነሐስ ብሩሾች፣ ለባለ 12 ቁጥር የአደን ጠመንጃ የሚሆን ትልቅ ብሩሽ፣ የጥጥ መጥረጊያዎች፣ ጨርቅ የሚሰካባቸው የፕላስቲክ ጫፎች፣ ጥቂት ቁራጭ ጨርቅና ባዶ የዘይት ጠርሙስ አለው። የነሐስ ብሩሾቹ ደህና ናቸው። ጸጉራቸው ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይተኛም። የፕላስቲክ ጫፎቹ ግን ጨርቁ ትንሽ ሲጠብቅባቸው አንገታቸው ላይ ይሰበራሉ፤ የተሰበረው ቁራጭ አፈሙዝ ውስጥ ከቀረ ሌላ ጣጣ ነው። ከመጀመሪያው ቀን በናስ ጫፍ መቀየር ይሻላል።

የዘንጉ ጥርስ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። የአሜሪካ መወልወያዎች አብዛኛውን ጊዜ 8-32 የሚባል ጥርስ አላቸው፤ ውፍረቱ 4.17 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ 0.79 ሚሊ ሜትር ይርቃል። በሜትሪክ የተሠሩት ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤም 4 ናቸው፤ ውፍረታቸው 4 ሚሊ ሜትር፣ ርቀታቸው 0.7። ዓይን አይለያቸውም። ተጨማሪ ብሩሽ ለብቻው ገዝቶ የሚያስገባ ሰው ሁለት ዙር ያህል ገብቶ ሲነክስበት «ጠበቅ አድርጌ ላስገባው» ብሎ ከታገለ የናሱ ጥርስ ይላጣል። እዚያው ሱቅ ቆሞ በእጅ ብቻ እስከ መጨረሻው ማሽከርከር ነው፤ በጣት ኃይል ካልገባ ልኩ አይደለም። ሦስቱ ቁራጮች ሲገጣጠሙ መጋጠሚያቸው ላይ ጠርዝ እንዳይኖርም በጥፍር መዳሰስ ያስፈልጋል። ጠርዝ ካለ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው፤ ያ ጠርዝ በየምልልሱ የአፈሙዙን ጫፍ ይፍቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። 38 ስም ነው እንጂ ልክ አይደለም። 38 ስፔሻል የሚባለው ጥይት አረሩ (ተተኩሶ የሚወጣው ክፍል) 0.357 ወይም 0.358 ኢንች ነው፤ በሚሊ ሜትር 9.07 ወይም 9.09። ወደ 0.38 ኢንች የሚጠጋው ቀለሃው ነው፣ 9.63 ሚሊ ሜትር። ስሙ የተረፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አረሩ ከቀለሃው የውጭ ዙሪያ ጋር እኩል ከነበረበት ጊዜ ነው። በኋላ አረሩ ቀጥኖ ቀለሃው ውስጥ ሲገባ ቁጥሩን ማንም አላስተካከለውም። 44 የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ የ44 ማግነም አረር 0.429 ወይም 0.430 ኢንች፣ ማለትም 10.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ከዚህ በላይ ግን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ከጠመንጃ የሚለይበት ነገር አለ። ጠመንጃ ላይ ጥይቱ የሚያርፍበት ቤትና አፈሙዙ አንድ አካል ናቸው። ስድስት ጎራሽ ላይ ግን ተሽከርካሪው ሲሊንደር ለብቻው፣ አፈሙዙም ለብቻው ነው። አረሩ በአንድ ተኩስ የተለያየ ስፋት ያለው መንገድ ያልፋል። መጀመሪያ ቀለሃው የሚቀመጥበት የጥይት ቤት አለ፤ 38 ላይ 9.65 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከፊቱ ጠበብ ያለ ጉሮሮ አለ፤ 9.09 አካባቢ። ከዚያ በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ያለው ክፍተት ይመጣል። ቀጥሎ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ሰፋ ብሎ የሚጀምረው የአፈሙዝ መግቢያ ነው። በመጨረሻ ጠመዝማዛ ቦይ የተቆረጠበት አፈሙዝ ራሱ፤ ቦዩ 9.07፣ በቦዮቹ መካከል ያለው ጀርባ ደግሞ 8.8 ሚሊ ሜትር ገደማ።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው 38 ብሩሽ የተሠራው ለመጨረሻው ነው። አፈሙዙን በሚገባ ይነካል፣ ጉሮሮውንም ይነካል። የጥይት ቤቱ ውስጥ ሲገባ ግን ግድግዳውን ለስለስ አድርጎ ዳሶ ይወጣል። ለ38 እና ለ357 የጥይት ቤት የሚሆነው 40 ወይም 41 ቁጥር ብሩሽ ነው። ሳጥኑ እሱን ስላልያዘ ለብቻው መግዛት ግድ ነው፤ ይህ ከጉድለቶቹ ሁሉ የከፋው ነው። ነገሩ የንጽሕና ብቻ አይደለም። 357 ማግነም ሽጉጥ 38 ስፔሻልንም ይተኩሳል። የ38 ቀለሃ ርዝመት 29.3 ሚሊ ሜትር፣ የ357 ደግሞ 32.8 ነው። አጭሩ ደጋግሞ ሲተኮስ ከቀለሃው አፍ ፊት ለፊት የእርሳስና የጥላሸት ቀለበት ይሠራል። ከዚያ ረጅሙ 357 ሲገባ አፉ ቀለበቱ ላይ ይቆማል ወይም በግድ ይገባል። በግድ የገባ ቀለሃ አረሩን ለመልቀቅ አፉ የሚከፈትበት ቦታ ያጣና ግፊቱ ከመጠን በላይ ይወጣል። ጥይቱ እስከ ሥሩ በራሱ ክብደት ካልገባ በአውራ ጣት መግፋት አይደለም መፍትሔው፤ ቀለበቱን ማውጣት ነው። (በተቃራኒው 357 ጥይት 38 ሽጉጥ ውስጥ እንዲገባ መሞከር በምንም መልኩ አይፈቀድም።)

አማርኛችን እርሳሱንም ተተኳሹንም አረር ማለቱ ለዚህ ርዕስ ይመቻል፤ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ላይ ትልቁ ቆሻሻ ባሩድ ሳይሆን አረር ራሱ ነውና። ለ38 በብዛት የሚሠራው ባዶ እርሳስ አረር 158 ግሬን ነው፣ 10.2 ግራም ገደማ። መዳብ አልለበሰም። እንዲህ ያለ አረር ከሚያልፍበት ቀዳዳ ጋር ልኩ ካልተገናኘ አፈሙዙ በእርሳስ ይለሰናል።

የሚሆነው እንዲህ ነው። አረሩ ከጉሮሮው ወይም ከአፈሙዙ ቦይ የቀጠነ ከሆነ ትኩስ ጋዝ በጎኑ ሾልኮ ያልፋል። ሲያልፍ የአረሩን ጎን አቅልጦ ይቆርጣል፣ የቀለጠውንም ፊት ለፊት ያገኘው ብረት ላይ ይለጥፈዋል። ጉሮሮው ከአፈሙዙ ቦይ የጠበበ ከሆነ ደግሞ አረሩ ልኩ ቢሆን እንኳ ጉሮሮው ላይ ተጨምቆ ይቀጥንና አፈሙዙ ውስጥ ላልቶ ይገባል፤ ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ አንድ ነው፦ ጉሮሮው ከቦዩ እኩል ወይም እጅግ በጥቂቱ ሰፋ ያለ፣ አረሩ ደግሞ ለጉሮሮው ልክ። በአሜሪካ አረር ራሳቸው እያቀለጡ የሚያፈሱ ተኳሾች ለ38 በ0.358 ኢንች የሚጨርሱት ለዚህ ነው፤ ከቦዩ በ0.001 ኢንች፣ ማለትም በ0.025 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ይህ ከጸጉር ውፍረት ያነሰ ልዩነት ነው፤ ግን አፈሙዝ ንጹሕ ሆኖ በመቅረቱና በእርሳስ በመለሰኑ መካከል ያለው ልዩነት እሱ ነው። 45 ኮልት የሚባለውን ጥይት በሚተኩሱ ሽጉጦች ታሪኩ ይበልጥ ይወሳሰባል። የጥንቶቹ ለ0.454 ኢንች አረር የተሠሩ ናቸው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡት ቦያቸው 0.451 ወይም 0.452 ነው፣ ጉሮሯቸው ግን በአንዳንዱ እስከ 0.456 ይደርሳል። ጉሮሮው እንዲህ በሰፋ ሽጉጥ 0.452 አረር ሲያልፍ ይላላል።

አረሩ ጠንካራ ይሁን ለስላሳ የሚለውም ከልኩ በኋላ ይመጣል እንጂ አይቀድመውም። ብዙ ሰው «እርሳሱ ለስላሳ ስለሆነ ነው የሚለሰነው» ይላል። ለስላሳ አረር ግን በግፊቱ ጊዜ ሥሩ በጥቂቱ አብጦ ክፍተቱን ይዘጋል። በጣም የጠነከረና ቀጭን የሆነው ነው የማያብጠው፤ ጋዙም በጎኑ እንደ ልቡ ያልፋል።

የእርሳሱ ቦታ በሽታውን ይናገራል። ብሩሽ ከመንካቱ በፊት በትንሽ ባትሪ መብራት አፈሙዙን ከሁለቱም በኩል ማየት ያስፈልጋል። እርሳሱ ከመግቢያው ጀምሮ በመጀመሪያው ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ጥርጣሬው ልክ ላይ ነው፦ ቀጭን አረር፣ ሰፊ ወይም ጠባብ ጉሮሮ። ወደ አፈሙዙ ጫፍ ከሆነ የአረሩ ቅባት መንገድ ላይ አልቋል ማለት ነው። በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ሲሊንደሩ ከአፈሙዙ ጋር ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ይህ ፈቃድ ላለው ጠጋኝ የሚሄድ እንጂ የመወልወያ ጉዳይ አይደለም። ሌላም አለ። አፈሙዙ ወደ ሽጉጡ አካል በጥርስ ተጠብቆ ሲገባ እዚያው ጥርሱ ሥር በጥቂቱ ሊጠብ ይችላል። ጥብቅ ጨርቅ ያለበት ዘንግ በዝግታ ሲገፋ መግቢያው አካባቢ ድንገት ቢከብድና ቀሪው ቀለል ቢል ምልክቱ ያ ነው።

ለዚህ ሁሉ ሳጥኑ አንድም መለኪያ የለውም። ካሊፐር ያለው ሰው በውስጥ መንጋጋው ጉሮሮውን ልለካ ሲል ይሳሳታል፤ የመንጋጋው ጠርዝ ጠፍጣፋ ስለሆነ ክቡን ቀዳዳ በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር አሳንሶ ያነባል። እዚህ ሥራ ላይ ደግሞ የምንከራከረው ስለ ሁለትና ሦስት መቶኛ ነው። ጠጋኞች የሚያደርጉት ንጹሕ ለስላሳ እርሳስ ቁራጭ በዘይት አርሰው ቀዳዳው ውስጥ በዝግታ ገፍተው ማሳለፍና የወጣውን በማይክሮሜትር መለካት ነው። ማይክሮሜትር ደህና ቶርኖ ቤት ሁሉ አለው። ነገር ግን ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ አፈሙዝ አምስት ቦይ ነው፤ ቦይ ከቦይ ፊት ለፊት ስለማይገናኝ ተራ ማይክሮሜትር ትክክለኛውን ልክ አይሰጥም፣ ባለ ቪ መንጋጋው ያስፈልጋል። የኮልት ፋብሪካው ስድስት ቦይ ስለሆነ በተራው ማይክሮሜትር ይለካል። ቶርኖ ቤቱ ለመለካት ይጠቅማል እንጂ ጉሮሮ ለማስፋት አይደለም፤ አንዴ የሰፋ ጉሮሮ አይመለስም።

የሲሊንደሩንና የአፈሙዙን ክፍተት ለመለካት ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የባጃጅና የመኪና መካኒክ ቫልቭ የሚያስተካክልበት ፊለር ጌጅ ይበቃል። ደህና ሽጉጥ ላይ ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ነው። መጀመሪያ እርሳሱ ይውጣ፣ ከዚያ ይለካ፤ የሲሊንደሩ ፊት ላይ የተጋገረ እርሳስ ክፍተቱን አጥብቦ ሲሊንደሩ ሲዞር እንዲያዝ ያደርጋል፣ ባለቤቱም ሽጉጡ የተበላሸ ይመስለዋል። 0.30 ከደረሰ ሽጉጡ ይቀመጥና ጠጋኝ ይየው።

አወላወሉን በተመለከተ፣ ሲሊንደሩ ይከፈት፣ ቤቶቹ አንድ በአንድ በዓይንም በጣትም ይፈተሹ፣ ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ከኋላ የሚከፈት ጠመንጃ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚወለወለው። ስድስት ጎራሽ ላይ የሽጉጡ አካል ከኋላ ስለሚዘጋ ዘንጉ በአፈሙዙ ጫፍ መግባት አለበት። ያ ጫፍ ደግሞ አረሩ መጨረሻ ላይ የሚለቀቅበት ቦታ ነው፤ በአንድ ጎን ከተፋቀ ሽጉጡ ይስታል። ሳጥኑ የጫፍ መከላከያ የለውም። በእጅ ዘንጉን መሐል ይዞ መምራት ወይም ልኩ የተበሳ የፕላስቲክ ክዳን ጫፉ ላይ ማድረግ ይቻላል። ብሩሹ በሌላኛው በኩል ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ወደ ኋላ አይመለስም፤ መሐል ላይ ሲመለስ ጸጉሩ ይታጠፍና ዋጋ የለውም።

ጨርቁን በተመለከተ፣ ሳጥኑ ውስጥ ካለው ይልቅ አቡጄዲ ይሻላል። ታጥቦ የለሰለሰ አቡጄዲ ለ38 በአራት በአራት ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ይሞከር፤ በአንድ እጅ ጠንከር ያለ ግፊት ማለፍ አለበት። ያለ ግፊት ካለፈ ቦዩ ውስጥ አልገባም፣ ጨርቁን በጥቂት ሚሊ ሜትር ማስፋት ነው። በመዶሻ ካልሆነ አልገባ ካለ ደግሞ ማሳነስ። የነጠላ ቁራጭ ስስ ነው፣ ተደርቦ እንኳ ይሸበሸባል።

ላምባ ጥላሸቱን ያላቅቃል፣ እርሳስን ግን አያሟሟም፤ እርሳስ የሚወጣው በመፋቅ ነው። ያረጀ 38 ብሩሽ ላይ ንጹሕ መዳብ ክር ጠቅልሎ አስር ጊዜ ያህል ማመላለስ ከማንኛውም ፈሳሽ ይበልጣል። ገበያ ላይ መዳብ መሳይ የድስት መፈተጊያ ሞልቷል፤ ብዙው መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ማግኔት ይጠጋ፤ ከተያዘ አፈሙዝ ውስጥ አይግባ። ኮምጣጤና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀላቅሎ መጨመር እርሳሱን ያሟሟል፣ ግን የሚወጣው ፈሳሽ መርዝ ነው፤ የሽጉጡን ጥቁር ቀለምም ይበላል። ሥራው ከማድ ቤትና ከሕፃናት ይራቅ፣ የቆሸሸው ጨርቅ አይታጠብ፣ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቆረስ።

ድሮ የተሠራ ጥይት የተኮሰ መሣሪያ ሌላ ነገር ይጨምራል። የብዙው አሮጌ ጥይት ካፕሱል (ባሩዱን የሚለኩሰው ክፍል) ጨው ይተዋል፣ ጨው ደግሞ በላምባም በዘይትም አይሟሟም። መጀመሪያ ትኩስ ውኃ፣ ቀጥሎ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት። ይህን ቅደም ተከተል የዘለለ ሰው በሰኔ የወለወለው አፈሙዝ ሐምሌ ሳያልቅ ዝጎ ይቀላል። ዘይቱ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ቢሆን ይበቃል፤ ጥይት ቤቶቹ ውስጥ ግን መጨረሻ ላይ በደረቅ ጨርቅ ይውጣ። የምግብ ቅባት ሻግቶ ይጋግራልና አይሆንም። ከጮቄ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ፣ ወይም ከደጋ ወደ ዓባይ ቆላ የወረደ ሽጉጥ ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ወዲያው ሳይሆን ከቤቱ ሙቀት ጋር እስኪስማማ ቆይቶ ይወልወል። ቆዳ አፎት ውስጥ ክረምቱን ማሳለፍ ደግሞ የዝገት ጥሪ ነው፤ ቆዳው እርጥበቱንም የተለፋበትንም ጨው ይዞ ይቆያል።

ለረጅም መሣሪያ ቅሬታው ትንሽ ነው። 30 ብሩሽ ለክላሽ ይሆናል። 7.92 ሚሊ ሜትር ለሚተኩስ ማውዘር ላላ ይላል፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ይሻለዋል። 11 ሚሊ ሜትር ለሆነው ውጅግራ 45 ቁጥሩ ይበቃል። ከጣሊያን ዘመን የተረፈ ቦዴዮ ሽጉጥ ያለው ግን ሳጥኑ አያግዘውም፤ 10.35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 38ቱ ይላላዋል፣ 45ቱ ይጨነቅበታል፣ የሚቀርበው ያው ለብቻው የሚገዛው 41 ነው። ሰባት ጎራሹ ናጋንት ቃታው ሲሳብ ሲሊንደሩ ወደ ፊት ተገፍቶ የቀለሃው አፍ አፈሙዙ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ክፍተት የሚባለው ነገር ስለሌለው ፊለር ጌጅ አያስፈልገውም፣ የሲሊንደሩ ፊትና የአፈሙዙ ኋላ ግን ተተኩሶ ባበቃ ቁጥር መጠረግ አለባቸው።

ፈቃድ ለወጣለት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ሳጥኑን የሚገዛ ሰው ስለዚህ ሽጉጡን ቤት ትቶ፣ የልኩን ቁጥር በወረቀት ይዞ ይሂድ። ከሳጥኑ ጋር አንድ 40 ወይም 41 ብሩሽ፣ አንድ የናስ ጫፍና አንድ ሜትር አቡጄዲ ይግዛ፤ ብሩሹን ዘንጉ ላይ እስከ መጨረሻው አሽከርክሮ ሳያይ ከሱቁ አይውጣ።